የቆምህባት ቅጽበት

ሰይድዬ፣

ከሄድህ ሁለተኛው ረመዳን ገብቶ ወጣ። ማረፊያህን ጀነት ያድርግልህ። እኛ ደህና ነን፤ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይህንኑ ነው፣ ለአንተም ያንኑ ልበል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ፤ ዕድሜህን ሙሉ ስትጨቀጭቀው ኖረህ፣ አንተ ስትሄድ አፈራ። አዲሱ የአባይ ድልድይ ተከፍቷል፤ ብትኖር ኖሮ ያለ ጉዳይ በቀን ሦስቴ ትሻገረው ነበር። የጨርቅ ሱቁን ሐያት ይዛዋለች። ልጅህ በዚህ አንተን አልወጣችም፤ ተቀምጣ ነው የምትሸጠው። አሁን ደግሞ ሐሙሲት ከተማ ያለው ደንበኛ እንኳ ቤቱ ሆኖ ጨርቁን በስልኩ እንዲያይ ብላ ለሱቁ ድረ ገጽ እየሠራች ነው። ከላይ የመሥራቹ ፎቶ ይግባ አለች። መሥራቹ አንተ ነህ እንግዲህ፤ ማዕረግህን ስማ።

ፎቶ ከየት ይምጣ? ካሜራ ሲወጣ አንተም ከቤት ትወጣ ነበር። ያለን የመታወቂያህ ፎቶ ብቻ ነው፣ ለለቅሶው በትልቁ አሳጥበን ሳሎን የሰቀልነው። እሱ ላይ ደግሞ የሆነ ነገር ሰርቀህ የተያዝህ ነው የምትመስለው። ሰይድዬ፣ አንድ እውነት ልንገርህ። አንድ ቀን ሱቅ ተቀምጬ ሳቅህን ላስታውስ ብል ያ የመታወቂያ ፊት መጣብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ብሞክርም እሱው። ያን ቀን ፈራሁ። ሁለተኛ የምትሞትብኝ መስሎኝ አለቀስሁ።

ለሐያት ስነግራት የእህትህን የዘይነባን የሠርግ ቪዲዮ አስታወሰችኝ፣ ሐይቁ ዳር ዳስ ተጥሎ የተደገሰውን። ካሴቱ ከቁም ሣጥን ሥር ወጣ፤ ግሽ አባይ ሰፈር ያለ አንድ ፎቶ ቤት ወደ ፍላሽ ገለበጠልን፣ እናትና ልጅ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥን። ቪዲዮ ለካ ብዙ ፎቶ ተደርድሮ ነው። ሐያት ታቆመዋለች፣ አንድ ምስል ወደ ፊት፣ አንድ ምስል ወደ ኋላ ትለዋለች። ሙሽራዋ አለች፣ ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ጣናም ከዳሱ ኋላ አለ። አንተም በየቦታው አለህ፤ ፊትህ ግን አይያዝም። ሐያት እንዳስረዳችኝ የድሮ ካሴት እያንዳንዱን ምስል የሚሸምነው ከሁለት ቅጽበት ነው፤ አንዱን መስመር ከዚህ፣ አንዱን መስመር ከዚያ እያፈራረቀ። የቆመ ሰው ልክ ይገጥማል። የሚሮጥ ሰው ጫፉ እንደ ተተለተለ ጨርቅ ይሆናል። አንተ ደግሞ ከጓዳ ዳስ፣ ከዳስ ጓዳ፣ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ! እንግዳው ሁሉ ጥርት ብሎ ተቀምጧል፣ አንተ ብቻ ተተልትለሃል። እየሳቅሁ ተበሳጨሁ፤ ምናለ ለአፍታ እንኳ ብትቆም እያልሁ።

ቆምህም። ትሪ ይዘህ ዳሱ በር ላይ ቆምህ፣ ጥርስህ እስኪታይ እየሳቅህ። ምስሉ ጥግ ላይ ግማሽ ፊት አለ፤ የእኔ ነው፣ ጣቴን ወደ እግርህ ቀስሬ። ወዲያው ትዝ አለኝ። ማለዳ ስትጣደፍ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርገህ ወጥተሃል፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስትመላለስ ውለህ ያየሁብህ እኔ ብቻ ነበርሁ። በጣቴ ጠቆምሁህ፣ ጎንበስ ብለህ አየህ፣ ቀና ብለህ እኔን አየህና ሳቅህ። ካሴቱ አርጅቶ የጫማው ቀለም ዛሬ አይለይም። ሐያትም አላስተዋለችው፣ እኔም አልነገርኋት።

ቀለሙን አስተካከለችው፤ ፊትህ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ኔትወርኩ ሲደክምም ቶሎ እንዲከፈት ፋይሉን አሳነሰችው። ከዚያ ቆረጠችው። ለድረ ገጹ ከወገብ በላይ ይበቃል፣ ጥግ ላይ ያለችው ግማሽ ፊትም ምስሉን ታበላሻለች አለች። ታበላሻለች የተባልሁት እኔ ነኝ እንግዲህ። ትንሽ ከፋኝ፣ አልደብቅህም። ቆርጣ ስታሳየኝ ግን እውነቷን ነው፤ አምሮብሃል።

አሁን ገጹን የከፈተ ሁሉ ያይሃል። ዘይነባ ከወረታ ደውላ፣ ወንድሜ ምን አይቶ ነው እንዲህ የሚስቀው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ አልኋት። የመታወቂያውን ፎቶ ከሳሎን አውርጄ በእሱ ቦታ የድረ ገጹን ሰቅያለሁ። ያልተቆረጠውን አሳጥቤ ከራስጌዬ አድርጌዋለሁ። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ የሚስቀው ሆኗል፣ አልሐምዱሊላህ።

ሌላው ሰው ከወገብ በላይ ያስታውስህ፤ ይበቃዋል። ጫማህን እኔ አስታውሳለሁ።

ያንተዋ ራሕማ