ለሞተ ተበዳሪ ቦታ የሌለው ቅጽ

ለተከበሩ የአነስተኛ ብድር ሥራዎች ፈቃድና ቁጥጥር መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ለሚነግሩኝ ጸሐፊዎ ሙሉ ጤንነት እየተመኘሁ፣ ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ እኔ የሚወራውን ላርም። ትናንት መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ የቆሙ ሁለት ሴቶች «የሰማንያ ዓመቷ አበዳሪ አሮጊት የሰው መያዣ ይዛ ጠፋች» ሲባባሉ ሰማሁ። አልጠፋሁም። የምኖረው እርስዎ ካሸጉት ሱቅ በላይ ባለችው ክፍል ነው፤ ዕድሜዬም ሰባ ስድስት እንጂ እንደተባለው ሰማንያ አልሞላም። ይህንኑ ስነግራቸው አንደኛዋ ደንግጣ «ውይ እማማ፣ እኛ እኮ ስለ ሌላዋ ነው» አለችኝ። በሰፈሩ ሌላ አበዳሪ አሮጊት የለችም።

ሱቄ ለምን እንደታሸገ እርስዎ ስለሚያውቁት፣ ለሌላው አንባቢ ብቻ በአጭሩ ልግለጽ። ለሃያ ሁለት ዓመታት ለጎረቤቶቼ ለአልጋ፣ ለምድጃና ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚሆን ትንሽ ብድር ሳበድር፣ የሩብ ዓመት ሪፖርቴን ከቀኑ ሦስት ቀን አስቀድሜ ሳላስገባ የቀረሁበት ጊዜ የለም። ባለፈው ሩብ ዓመት ግን ከተበዳሪዎቼ አንዱ፣ አናጢው፣ ከሚሠራበት ጣሪያ ወድቆ ሞተ። ቀሪ ዕዳውን በቀብሩ ማግስት ሰረዝኩለት። አዲሱ ቅጽዎ በበኩሉ ስለ እያንዳንዱ ተበዳሪ ከሦስቱ አንዱን እንድመርጥ ያዝዛል፦ ከፍሎ ጨርሷል፣ በመክፈል ላይ ነው፣ ዕዳውን ጥሎ ጠፍቷል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተበዳሪው የፈረመበት የክፍያ ደረሰኝ ይጠየቃል። ሰው ተበድሮ ሊሞት እንደሚችል መምሪያዎ እስካሁን ሪፖርት የደረሰው አይመስልም።

ቅሬታዬን በቁጥር እንዳቀርብ መመሪያው ስለሚያዝዝ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ሦስቱም ውሸት ስለሆኑ ቦታውን ባዶ ትቼ፣ አንድ ገጽ ማብራሪያና የሞት ምስክር ወረቀት አያይዤ ነበር። ሁለቱንም «ያልተሟላ» የሚል ማህተም አድርገው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ማህተሙ ቀጥ ብሎ፣ ሳይደበዝዝ ነው ያረፈው። በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ማረፉን ግን ለሚስቱ አላሳየኋትም።

2. በመስኮት ቁጥር አራት ያሉት ወጣት ሠራተኛዎ ሊረዱኝ ብዙ ደክመዋል። «እማማ፣ ሲስተሙ ባዶ አይቀበልም። ጠፍቷል ይበሉና ይገላገሉ፤ እሱ እንደሆነ ተነሥቶ አይከስዎት!» አሉኝ፤ ከኋላዬ የተሰለፉትም ሳቁ። እኔም ለትሕትና ያህል ፈገግ አልኩ። ነገር ግን «የጠፉ» ሰዎች ስም ዝርዝር በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ ይለጠፋል፤ የአናጢው ሁለት ሴት ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው በር በኩል ነው።

3. ሪፖርቴ ስላልተሟላ ሱቄ ሲታሸግ፣ የአንዲት ልብስ ሰፊ ተበዳሪዬ የስፌት መኪና እዚያው ሱቁ ውስጥ ቀርቷል። ይህች ሴት እናቷ ሆስፒታል በገቡ ጊዜ መኪናዋን መያዣ አድርጋ ተበደረች፤ ከዚያም ዓመት ሙሉ በሰው መኪና በቀን ሠራተኛነት እየሰፋች ከፈለች። የመጨረሻውን ክፍያ ይዛልኝ የመጣችው ተቆጣጣሪዎችዎ የማሸጊያውን ሙጫ በሩ ላይ ሲቀቡ ነው። የስልሳ ተማሪዎች ዩኒፎርም ለመስፋት ቀብድ ተቀብላ፣ በቀብዱ ጨርቁን ገዝታ፣ አልጋዋ ላይ ቆልላዋለች። ትምህርት ሊከፈት አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። መኪናውን ብቻ እንዳወጣላት ስጠይቅ፣ የሦስተኛ ወገን ንብረት ማስለቀቂያ ማመልከቻ በሠላሳ የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚታይ በጨዋ ቃል ተጽፎልኛል። አሥራ ሁለትን ከሠላሳ እንዴት እንደምቀንስ በሰባት ዓመቴ ስለተማርኩ፣ ለማስላት አልተቸገርኩም።

ክቡር ሆይ፣ ቁጥጥርን አልቃወምም። ከመምሪያዎ መቋቋም በፊት በዚህ ሰፈር የሰው ደም የሚመጥጡ አበዳሪዎች ነበሩ፤ በሌሊት መጥተው በር የሚሰብሩም አይቻለሁ። እርስዎ ሲመጡ ደስ ካላቸው አንዷ ነበርኩ። አሁን የምለምንዎ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ በቅጽዎ ላይ «ሞቷል» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩልኝ። እሱ ከከበደ ለግማሽ ሰዓት በሩን ይክፈቱልኝ፤ እርስዎ ራስዎ ቆመው ይዩኝ፣ መኪናውን ብቻ አውጥቼ መልሰው ያሽጉት። ሌላ የማውቀው ደጅ የለም፤ ሁሉንም አንኳኩቻለሁ።

ላደረጉልኝ ሁሉ፣ ይልቁንም ላላደረጉልኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ማሸጊያዎን ከመስኮቷ ሆና ያለ ደመወዝ የምትጠብቅልዎ፣
ፈቃዷ የታገደባት ታዛዥዎ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ፈርሜ ፖስታውን ሳላሽገው ልብስ ሰፊዋ መጣች። አልወቀሰችኝም። «እማምዬ፣ ጨርቁን በርካሽም ቢሆን የሚገዛ ሰው ያውቃሉ?» ብቻ አለችኝ። ስለዚህ እርስዎ ረትተዋል፤ ቅጹን «ጠፍቷል» ብዬ እሞላለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእኔ የሚደርስዎ የመጀመሪያው ውሸት ስለሆነ፣ «ተሟልቷል» የሚለውን ማህተም አጥርተው እንዲያሳርፉበት አደራ። ነገ በመጀመሪያ፣ የአናጢው ሚስት ወደ ሥራ ሳትወጣ፣ ቤቷ ሄጄ ስለ ባሏ የምጽፈውን ከራሴ አፍ እንድትሰማ አደርጋለሁ። ቀጥሎ ትምህርት ሲከፈት ልጆቿን በሌላ መንገድ እንድትልካቸው እለምናታለሁ። ከዚያ መስኮት ቁጥር አራት ላይ እሰለፋለሁ።