አዲሱ ሲስተም ተጭኗል

የአክስቴ ልጅ፣

እንደለመንሽኝ ኮምፒውተርሽ ላይ አዲሱን ሲስተም ጭኜልሻለሁ። አሮጌ ስለሆነ ሲነሳ ይንቀራፈፋል፤ ታገሺው።

እየጋለ ሲጠፋብኝ ክዳኑን ፈታሁት። ወይ ጉድ! በረሮ ከነልጅ ልጁ ሰፍሮበታል። ማራገቢያው ላይ የተጠመጠመውን ፀጉርሽን በጥርስ ብሩሽ ፍቄ አወጣሁት።
ብሩሹ የኔ ነበር። ጥዬዋለሁ።

ሲስተሙ ሲቀየር የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ፋይሎችሽን አስቀድሜ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። በደንብ መገልበጣቸውን ለማየት አንዱን ስከፍት፣ ለአከራያችን የጻፍሽው ደብዳቤ ሆኖ አገኘሁት። «የአጎቴ ልጅ ቆሻሻ ናት፤ እኔ እንዳልኩ ሳይነግሩ በዘዴ ያስወጡልኝ» ይላል።

እኔ ቆሻሻ!

የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው፤ እሱን ጥፋቴን አምናለሁ። ግን ፊት ለፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ትናንት እኮ ትከሻዬን አቅፈሽ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ብለሽኛል። እሱ ነው ከበረሮው ይልቅ ያስጠላኝ።

ፍላሹ መሳቢያው ውስጥ ነው። አንድም ፋይል አልጎደለም፤ ደብዳቤውም አለ።

እኔ ወንድሜ ጋ ሄጃለሁ። የቤቱን ቁልፍ ለአከራያችን ራሴ ሰጥቻለሁ። «ምነው?» ሲሉኝ፣
«ለሥራ ስለሚቀርበኝ ነው» አልኳቸው።