የአንለይ አንድ ዓይን

ጥቅምት 5 ቀን 1956 ዓ.ም.

ዛሬም ከቁሐር ሚካኤል መልእክት የለም። የመቅደሱ ግድግዳ ተለስኖ ባዶውን ከቆመ ሦስት ዓመት። ቄስ ማረው «ከፍሎ የሚያሥል ምእመን ይገኝ እንጂ ሠዓሊው አንተ ነህ» ካሉኝም ሦስት ዓመት። ላም አለኝ በሰማይ...

የክረምቱ ውሃ ከሜዳው እየሸሸ ነው። ገበሬው ሁሉ ጓያ ሊዘራ ይሯሯጣል። እኔ የደረቀ ብሩሽ ታቅፌ ቁጭ። ሸዋነሽ «ባሌ ሠዓሊ ነው ስል፣ ምን ሣለ ይሉኛል» አለችኝ። ምን ልበላት?

ጥቅምት 8

ገበያ። አንለይ መጣ፤ አዝማሪው። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ከርሞ ባርኔጣ ይዞ ተመለሰ። አእምሮውን እዚያው ረስቶት ሳይመጣ አልቀረም። አሁን ወረታ መንገድ መገናኛው ላይ ጠጅ ቤት ከፍቷል፤ የሰማይ ስባሪ አክሏል።

የፈለገውን ሲያስረዳኝ ግማሽ ቀን ፈጀ። አዲስ አበባ አንድ ክብሪት አይቷል። ቀፎው ላይ ያለችው ወፍ ካርቶኑም ላይ፣ ሱቁ በርም ላይ፣ መኪናው ጎንም ላይ ያችው ወፍ ናት። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ «ባለ ወፏን ስጠኝ» ይላል። እሱም እንደ ወፏ መሆን አማረው። አንድ መልክ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ዓይነት ፊደል... በጠጅ ቤቱ ሰሌዳ፣ በመሰንቆው ቆዳ፣ በካባው ጀርባ፣ በየግንቡ በሚለጠፍ ወረቀት፣ በጭነት መኪና ሳንቃ። «ሰው ባየው ቁጥር አንለይ ይበል፣ አለቃ፤ የሠርግ ወር ሲመጣ ሌላ አዝማሪ ትዝ አይበለው» አለኝ።

እኔ! አሥራ ሁለት ዓመት የሥዕል መምህር ደጅ የጠናሁ፣ ለአዝማሪ የክብሪት ወፍ ልሥል።

እሺ አልሁት። ቀለም አልቆብኛል። እሱ ከጎንደር አስመጣለሁ አለ።

ጥቅምት 11

ፊት ለፊት አስቀምጬ ፊቱን እያየሁ ልሥለው? ለዚያስ ክብር አልበቃም። ጧት ፀሐይ ላይ ከግድግዳው አጠገብ በጎን አቆምሁት። ጥላው ሲወድቅ በከሰል ዞርሁበት። አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ፣ ያ ባርኔጣ። በቃ። እሱ ገና ኩታውን እያስተካከለ ነበር። «ጨረሱ እንዴ?» አለኝ።

ጥላውን ወደ ብራና ገልብጬ ቆረጥሁት። ብራናውን የትም ላይ አሳርፌ ቀለም በጨርቅ ብነካበት ያው ሰው ይወጣል። አንድ ዓይነት ይሁን አላለም? ከእንግዲህ ፊቱን ማየት የለብኝም። ተገላገልሁ።

ጥቅምት 12

በጎን የተሣለ ሰው ስንት ዓይን አለው? አንድ።

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በአንድ ዓይን የሚሣለውስ ማን ነው? ይሁዳ። ገራፊዎቹ። ሰይጣን። ጻድቃን በሁለት ዓይን ያዩናል፤ የጠፋ ሰው ግን በጎን ነው። ይህን ሠዓሊ ያውቃል፣ ደብተራ ያውቃል። አዝማሪ የት ያውቃል? ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ ሠርግ ሊያነፈንፍ ነው።

ትናንት በጎን ሳቆመው ይህ በልቤ አልነበረም? ነበር እንጂ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ኅዳር 2

ሰሌዳው ተሰቀለ። ቢጫ መደብ፣ ሰማያዊ ፊት፣ አንድ ነጭ ዓይን። ሰውየው ወደ ኋላ እየሄደ፣ እየሄደ፣ መንገዱን ተሻግሮ ሊገጭ ምንም አልቀረው። «ከሩቅ ይለያል» አለ። ይለያል እንጂ!

መሰንቆውም አለቀ፣ ካባውም አለቀ። ወረቀቱ ሃያ። አራት ጭነት መኪናዎች ሳንቃቸው ላይ ተሸክመውታል፤ ሁለቱ የጎንደር፣ አንዱ የደብረ ታቦር፣ አንዱ የባሕር ዳር። ሹፌሮቹን በጠጅ ነው ያባበላቸው። አንዱ ወረቀት ላይ የስሙ ፊደል ቀጠነች ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰብኝ። ሁሉም እኩል ይሁን፣ ሁሉም እኩል ይሁን... ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ኅዳር 12

ለሚካኤል ንግሥ ቁሐር ዋልሁ። ባዶው ግድግዳ እንዳለ ነው። ቅዳሴው ሁሉ ሲቀደስ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። እዚህ ጋ መልአኩን፣ እዚያ ጋ ባሕር የከፈለበትን...

ከንግሡ በኋላ ሁለት ደብተራዎች ጎትተው ወሰዱኝ። «ምነው፣ ይሁዳን ጠጅ ቤት በር ላይ ሰቀልኸው?» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የሥራ ፍሬ ማለት ይህ ነው፤ የገባው ይገባዋል። ቄስ ማረው አጠገባችን ነበሩ። አልሳቁም። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ አልሰሙም ይሆናል።

ታኅሣሥ 20

የደብረ ታቦሩ መኪና ሲያልፍ አየሁት። ጥርት ያለ ሥራ ነው። እጄን ለማይረባ ሰው አባከንሁት።

ጥር 16

ጉድ ዛሬ ሰማሁ። የቁሐሯ ድንቅነሽ ልጇን ስትድር አንለይን አስጠርታው ነበር። ካባውን ደርቦ፣ መሰንቆውን አንግቶ ከዳሱ በር ሲደርስ ሴትየዋ ቆዳው ላይ ያለውን ሥዕል አየች። ከዚያ በሩን በሁለት እጇ ይዛ «ይህን አንድ ዓይና ይዘህ ከልጄ ዳስ አትገባም» አለችው አሉ። ቀልድ መስሎት ካባውን ዞሮ አሳያት። ጀርባው ላይም ያው ነው!

ገበሬውም ያውቃል ለካ። ማወቅ አለበት፤ ከክርስትናው ጀምሮ ግድግዳ ሲያይ ያደገ ሕዝብ ነው። እኔ ለደብተራዎች የሠራሁትን ቀልድ አገር ሁሉ ሰማው።

ለሸዋነሽ ስነግራት አልሳቀችም። «የሰው እንጀራ ነው» አለችና ወጣች። ሴት ቀልድ አታውቅም።

የካቲት 4

ከዚያ ወዲህ ከወረታ እስከ ሐይቁ ዳር ዘጠኝ ሠርግ። አንለይን የጠራ አንድም የለም። አንዱ ቦታ ቢሰማ ሌላው ቦታ ባልሰማ... ግን ሁሉም ቦታ ያው ሥዕል ነው፤ አንዱ ዘንድ ያልተጠረጠረ ሌላው ዘንድ ይጠረጠራል። ራሱ ነው እንዲህ ይሁን ያለው።

በጠጅ ቤቱ በር ሳልፍ ለባዶ አግዳሚ ይዘፍናል። ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። ቶሎ ግን አለፍሁ።

የካቲት 19

መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«አለቃ፣ ዓይኔን ለምን አንድ አደረጉት?»

«የሣልሁት ጥላህን ነው። ጥላ ስንት ዓይን አለው?»

እውነት ነው አለ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «የአገሩ ባላምባራስ ቢሆኑ ግን ከፊት ነበር የሚሥሏቸው» አለ። ክፉ ቃል አልጨመረም። ቀለሙን አንሥቶ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ የተረፈውን ሰማያዊ እዚያው ትቶልኝ ሄደ።

ተሳድቦ በሄደ ይሻል ነበር። አዝማሪ ዝም ሲል ደግሞ ምን ይሉታል? ያለ ቦታው ሊከበር ይፈልጋል። እኔ ምን አደረግሁ?

መጋቢት 10

ጾም። ጠጅ ቤቱ ተዘግቷል። አንለይ ቁሐር የእናቱ ዘመዶች ዘንድ ወርዶ፣ ባለችው ጥሪት ሁለት የፎገራ በሬ ገዝቶ፣ የእኩል ሊያርስ ነው አሉ። አዝማሪና ሞፈር! በሬው ሲዘፍንለት ይሰማ ይሆናል።

ሰሌዳው ግን አሁንም በሩ ላይ አለ። በዚያ ማለፍ ትቻለሁ፤ በጓሮ በኩል ያቀርባል።

ሚያዝያ 28

ተገኘ! ቄስ ማረው ሰው ላኩብኝ። የሚያሥል ምእመን ተገኝቷል። አንድ ጥማድ በሬ ለሚካኤል ሰጥቶ፣ በሬዎቹ ተሸጠው ለቀለም ሆኑ። ስሙን አልላኩልኝም፤ «መጥተህ ታየዋለህ» ብቻ።

ማን ይሆን? ባላምባራስ ይሆኑ? እንደ ሥርዓቱ ያሣለው ሰው ከመልአኩ እግር ሥር ሰግዶ ይሣላል፤ ስሙም ይጻፋል። ባላምባራስ ሆዳቸው ገፍቷል፤ ሰግደው ሲሣሉ እንዴት እንደማደርገው አስቤ አስቤ ስቄ ሞትሁ። ሸዋነሽ ነጠላዬን አጠበችልኝ።

ግንቦት 6

ቁሐር። ቄስ ማረው በደጀ ሰላሙ ተቀብለውኝ «ያሣለው ሰው ይኸውልህ» አሉኝ።

አንለይ ነው። ያለ ባርኔጣው፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ምን እንዳልሁ አላስታውስም። ቄሱ ክንዴን ይዘው ወደ ግድግዳው ወሰዱኝ። «ከሚካኤል እግር ሥር ትሥለዋለህ። እንደማንኛውም ሰው፣ በሁለት ዓይን።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንለይ ያን የጠጅ ቤቱን ሥዕል ‹እኔ ነኝ እንዲህ አድርግልኝ ያልሁት› ብሎኛል። የቤተ ክርስቲያኑን ሕግ አንተ ለስድብ አውለኸው ቢሆን ይህን ግድግዳ በጣትህ አትነካውም ነበር» አሉኝ።

ፊቴን እያዩ ነው ያሉት። ያውቃሉ። እኔም እንደሚያውቁ አወቅሁ። አዝማሪ ዋሽቶልኝ መቅደስ ገባሁ።

ግንቦት 20

ሚካኤል አለቀ። ክንፉ አለቀ። ሰይጣኑን ከሥሩ ወረወርሁት፣ በአንድ ዓይን፣ በግማሽ ቀን። የቀረው አንድ ሰው ነው። አራት ቀን ሙሉ የዳሩን የሐረግ ጌጥ እያሳመርሁ ሸሸሁት። ዛሬ ደግሞ ያን ብራና ከከረጢቴ አወጣሁት። ምናልባት... ምን ሊረዳኝ? አንድ ጎን ብቻ ነው ያለው።

ይህን ሁሉ ጊዜ ስሥለው ፊቱ ምን እንደሚመስል አላውቅም።

ግንቦት 23

ፊት ለፊቴ አስቀመጥሁት። አየሁት።

ግራ ጉንጩን ፈንጣጣ በልቶታል። ጥላው ይህን አልነገረኝም። ቅንድቡ መሐል ላይ ተከፍሏል። ዓይኖቹ እኩል አይደሉም፤ ቀኙ ትንሽ ይጠባል፣ ደክሞት ይሁን ልማዱ ይሁን እንጃ። ከኔ በአምስት ዓመት ቢያንስ ነው፤ ሽማግሌ መስሎኝ ነበር። ወይስ ምንም አልመሰለኝም?

ብሩሹን ይዤ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ለምን ዋሸህልኝ አልሁት።

«እውነቱን ብናገር ግድግዳውን ይነሡዎታል። ሌላ ሠዓሊ ደግሞ አገሩ የለውም፤ ታዲያ ማን ይሥለኛል?» አለ። እንዲህ ቀላል ነገር ነው ያለው! ከዚያ፣ «ልጆቼ እዚህ ነው የሚቆርቡት። በመንገድ ያባታቸውን ሥዕል ሲያዩ ሌሎቹ ልጆች የሚሏቸውን ይሰማሉ። ሲገቡ ደግሞ ይህን ይዩ ብዬ ነው» አለኝ።

አፈርሁ። ሌላ የምጽፈው ቃል የለኝም፤ አፈርሁ።

ጠባሳውን ልተወው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አይተዉት አለ።

ግንቦት 26

ሁለተኛውን ዓይን ጨረስሁ። ድንቅነሽ ግድግዳውን ልትሳለም መጥታ ከአንለይ ሥዕል ሥር ስትደርስ ቀና አለች፤ አየችው፤ ወደኔ ዞራ ደግሞ አየችኝ።

ሰኔ 3

ዝናቡ ገባ። ቁሐር ገበሬው ሁሉ ጠምዷል። አንለይ በሬ የለውም፤ ቤቱ ቁጭ ብሏል።

የጠጅ ቤቱን ሰሌዳ እኔው አወረድሁት። መሰንቆውንም ካባውንም ከፊት አድርጌ እንደ አዲስ ሥያለሁ፤ በሁለት ዓይን፣ ከነጠባሳው፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት። ወረቀቶቹን ዝናብ ጨርሷቸዋል። መኪናዎቹ ናቸው የቀሩት። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር... ሥራዬ እግር አውጥቶ አገር ያዳርሳል።

ከትናንት ጀምሮ ጣሳና ብሩሽ ይዤ መገናኛው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሸዋነሽ ጃንጥላ ይዛልኝ ቆመች። ሰው አበደ ይለኛል፤ ይበል። ትናንት ሁለቱ የጎንደር ተያዙ። ዛሬ ከሰዓት የደብረ ታቦሩ መጣ። መሐል መንገድ ገብቼ አስቆምሁት። ሹፌሩ በመስኮት ጎንበስ ብሎ ሥዕሉንም እኔንም አየ። ሥዕሉ ምንም አልሆነም፣ ቀለሙም አልለቀቀ፣ ምን ሆነህ ነው የምታቆመኝ አለ።

«ሰውየው እንዲህ አይደለም» አልሁት። «እንዲህ የሣልሁት እኔ ነኝ።»

ሞተሩን አጠፋ።