ጀርባዋ ላይ የቀረው ስም

ለእህቴ ለሃረገወይን፣ መቀሌ

ብዕሩን የያዘችው ዘርፌ ናት፣ የሕፃናት ማሳደጊያችን ሞግዚት። ቃሉ ግን የእኔ የወንድምሽ የገብረእዝጊ ነው። እሷ ትግርኛ ስለማትሰማ በአማርኛ አስጽፌያለሁ፣ አትቀየሚኝ። ፊደል አልቆጠርኩም ብዬም አላፍርም፤ ዘጠኝ ዓመት በር ስጠብቅ አንድ ልጅ አልጠፋብኝም።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ተወልደብርሃንን ያ ሳል ለቀቀው ወይ? ዝናብስ ጣለላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ቦሌም ያው ነው፤ አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ባለፈ ቁጥር ሳህኑ ይንቀጠቀጣል።

አሁን የልቤን ልንገርሽ። ዓምና ከድርቅ መጠለያ ከመጡልን ልጆች አንዷን፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ መዝገቡ ብርኽቲ ይላታል። ስትጠራ አቤት አትልም። ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ጀርባዋን በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች፣ እሹሩሩ እንደሚባል። ጀርባዋ ላይ ግን ምንም የለም። አለቃችን ገረመው "ደንቆሮ" ብሎ ጻፈባት። ደንቆሮስ እሱ። እኔ የበሩን ሰንሰለት ሳነሳ ከጓሮ ትሰማኛለች።

በቋንቋችን በትግርኛ ባናግራት በሹክሹክታ፣ "አቦይ፣ ብርኽቲን አትጥሯት፤ ገና መተኛቷ ነው" አለችኝ። ቀስ እያልኩ አወጣጣኋት። መጠለያው በር ላይ መዝጋቢው በጣቱ እያሳየ ስም ሲጠይቅ፣ ያዘለቻትን ሕፃን እህቷን የጠየቃት መስሏት የሕፃኗን ስም ነገረችው። ወረቀቱን በትልቋ አንገት አሰሩት። ሕፃኗ ለካ ጀርባዋ ላይ ሞታ ኖሯል፤ ያለ ወረቀት ወስደው ቀበሯት።

መዝገብ አይሰረዝም ተብሎ፣ ይኸው በቀን ሦስቴ ለምግብ የሞተች ልጅ እንጠራለን። በቀደም በጠራራ ፀሐይ ዘርፌ ስትጠራት፣ የልጅቱ ነጠላ ከጀርባዋ በኩል ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ፣ የተኛ ልጅ እንደሚተነፍስ። ነፋስ አልነበረም። ዘርፌም አይታለች፤ ይኸው አሁን እየጻፈች እጇ ቆመ።

ጸበል ወስጃታለሁ። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ለመግባት ግን የማሳደጊያ ልጅ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስፈልጋታል። አራት ወር ገረመው ደጅ ቆምኩ። "አባባ፣ ለትልቁ እብድ አልጋ ጠፍቷል፣ እርስዎ ትንሽ ያመጡልኛል" እያለ አላገጠብኝ። ከፊቱ አልነሳም ስለው ፈረመ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ግን ሰው ነው። ካርዱን አይቶ "ብርኽቲ" ሲላት እሹሩሩዋን ጀመረች። "ደንቆሮም እብድም አይደለችም፤ ሐዘን ነው፣ ይታከማል። ግን በሞተችው ስም እየጠራሁ እሷን ከየት አገኛታለሁ? የራሷን ስም አምጡልኝ" አለ።

ቀጠሮው ሐምሌ አምስት ነው። ያኔ ለውጥ ካልታየባት ገረመው ሩቅ አገር ወዳለ የደንቆሮዎች ትምህርት ቤት ይሰዳታል። እዚያ ማን ሐኪም ያሳያታል?

ስምሽስ ስላት "እሱን የምትጠራው እናቴ ናት" ትላለች። አገሯ ሳምረ ነው፤ አባቷ አንካሳው ጸጋይ፣ አንጥረኛው። ከሳምረ የተሰደዱ ሰዎች እናንተ ሰፈር አሉ። የጸጋይ ትልቋ ልጅ ማን ትባላለች? ብለሽ ጠይቂልኝ። የምለምንሽ አንድ ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ ለምኜሽ አላውቅም።

ለአማቼ ለተወልደብርሃን ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ልጅሽ ሐጎስ ጎርምሷል አሉኝ፣ አደብ ይግዛ። አለምን ሳሚልኝ፤ ስትስሚያት በስሟ ጥሪያት።

ወንድምሽ ገብረእዝጊ
ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

በይ ዘርፌ፣ አሁን አንብቢልኝ። ያንን ስም ግን ዝለይው። ልጅቱ ደፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ገና አሁን ነው ያስተኛቻት።