ለቅሬያችን ዳኛ፦ ብረት ስለገባበት አንገቴ

ለተከበሩ አቶ ደባሱ፣
ከገነተ ማርያም በታች ላለችው መንደራችን የቅሬ ዳኛ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለመሆኑ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም አንገትዎ እንዴት ሰነበተልዎ? እንዳሻው ወደ ግራ ወደ ቀኝ የሚዞረውን፣ ጎንበስ ብሎ የገዛ እግሩን የሚያየውን አንገትዎን እግዚአብሔር ከነሙሉ ጤናው እንዲያቆይልዎ ዘወትር እጸልያለሁ። የምጸልየው ቀጥ ብዬ ነውና ይህንንም በትዕቢት እንዳይቆጥሩብኝ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ እኔ የሻው በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የምለጥፈው፣ በቅሬው ስብሰባ ላይ ለመናገር ብነሳ ተቀመጥ ስላሉኝ ነው። እህሉን አስቀምጦ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው፣ እግዜር ይስጠው፣ ማንበብ አይሰለቸውም።

አንደኛ፣ ስለ ሕክምና ዕውቀትዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ስመታ ከጣራ ላይ ወድቄ አንገቴ እንደተጎዳ፣ ሐኪሞችም አጥንቶቹን በብረትና በብሎን አጋጥመው እንደሰፉኝ ያውቃሉ። ሲያሰናብቱኝ አጥንቱ መግጠሙን፣ ሕመሙ ግን ዕድሜ ልኬን አብሮኝ ሊኖር እንደሚችል፣ ሸክምም እንዳልሞክር በግልጽ ነግረውኛል። ይህንኑ ሬሳና በሽተኛ በጋራ ለሚሸከመው ቅሬያችን ባስረዳ፣ እርስዎ ራጁን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሱትና ምን ቢሉ ጥሩ ነው፦ ብረት የገባበት ቤት አይናወጥም፣ ብረት የገባበት አንገትም ከሁላችን አንገት ይጠነክራል፣ ስለዚህ ከእንግዲህ የቃሬዛውን ፊት የሻው ይያዝ። ሐኪሞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተምረው ያላዩትን እርስዎ በአንድ አፍታ አዩት። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

እንዲያው ለዕውቀትዎ ያህል፣ ጧት ጧት የላስታ ብርድ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀዘቅዘው ያ ብረት ነው። ከዚያ በኋላ ከማጅራቴ እስከ ጣቶቼ ጫፍ በርበሬ የተቀባ ቁስል ይመስል ይለበልበኛል። ገደል ለገደል ስሄድ እግሬ የሚረግጠውን አላይም። ሰው ከኋላ ሲጠራኝ በሙሉ ገላዬ ካልዞርኩ በቀር መልስ መስጠት አልችልም። ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙኝ ዝቅ ስለማልል፣ ይኼ ልጅ ከተማ ታክሞ ከመጣ ወዲህ ኩራት ተማረ እየተባልኩ እታማለሁ። ምርኩዝ ብይዝ፣ ፋሻ ብጠመጥም ኖሮ ሁሉም ያዝንልኝ ነበር፤ ጥፋቴ ደህና መስዬ መቆሜ ነው።

ሁለተኛ፣ በመምሬ ወልደ ኪዳን ቀብር ዕለት በአደባባይ ስለሰጡኝ ክብር ነው። መምሬ ክርስትና ያነሱኝ፣ ከጣራው በወደቅኩ ጊዜም በቃሬዛ ስወጣ ከፊት ከፊት እየጸለዩ የሄዱ አባት ናቸው። እንኳን ተጠርቼ ሳልጠራም ልሸከማቸው እወድ ነበር። እርስዎ በለቀስተኛው ፊት ስሜን ጠርተው ብረቱ ምን ሊሠራልህ ነው ባሉኝ ጊዜ፣ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ የሰው ዓይን ከበደኝና ከእንጨቱ ሥር ገባሁ። አቀበቱን ሳንጀምር ክንዴ ተቃጠለ፣ ቀጥሎም እጄ የኔ አልሆን አለ፣ እንጨቱ ከትከሻዬ ተንሸራተተና አስከሬኑ ወደ ገደሉ አዘነበለ። ደግነቱ ከጎኔ የነበረው አራጋው ዘሎ ያዘው። ሴቶቹ ያሰሙት ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ያን ቀን ሞቼ ቢሆን በወደድኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ክንዴን አይቶ ሳይሆን ልቤን መርምሮ፣ የሻው ንቆ ነው ሬሳ የጣለው ብሎ የፈረደ ሰው እርስዎ ብቻ ስለነበሩ አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው።

በመካከሉ አንድ ነገር ልጨምር። ከሸክም ነፃ ልሁን እንጂ ከቅሬው ነፃ ልሁን አላልኩም። ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲታመም፣ ከጎጥ ጎጥ እየዞርኩ ጥሪ ላድርስ፣ ድንኳኑን ልጠብቅ ብዬ አፈር ስሆን ብዬ ለምኛለሁ። እርስዎም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ሲያበቁ፣ ሥራ የሚያማርጥ ሹም እንጂ የቅሬ ሰው አይደለም አሉ። ስለ ሹመቱ እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛውና ዋናው ውሳኔዎ ነው። ቤቴ ከቅሬው እንዲሰረዝ፣ ከተሰረዘ ቤት በሽተኛም ሆነ ሬሳ የተሸከመ ሰውም የራሱ ቤት አብሮ እንዲሰረዝ በይነዋል። ስለ ራሴ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም እል ነበር፤ የሞተ ሰው ማን ተሸከመኝ ብሎ አይከስም። ነገር ግን ባለቤቴ ሰብሌ የመውለጃ ወሯ ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን ያጣነው ምጥ ጠንቶባት፣ አቀበቱን ዘግይተን በመውጣታችን መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የዚያን ጊዜ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እርስዎ ነበሩ። አሁንም የጤና ባለሙያዋ ልጁ በእግሩ እንደመጣ፣ ምጡ እንደጀመራት ሳይውል ሳያድር ላሊበላ መድረስ እንዳለባት ነግራናለች። አምቡላንሱ ከላይ ከመንገዱ ወዲህ እንደማይወርድ ያውቃሉ። እኔ ልሸከማት አልችልም። ፈርቻለሁ፣ አቶ ደባሱ። እኔን ለመቅጣት ብለው የበየኑት ፍርድ የሚያርፈው በእሷና ባልተወለደው ልጅ ላይ ነው። ይህን ያህል ርቆ የሚመታ ዳኛ በአገሩ ከእርስዎ በቀር የት ይገኛል?

እንግዲህ ከወንበርዎ ሳይነሱ፣ ከቃልዎም ሳይመለሱ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ሕመሜን ከእኔ አስበልጠው ስላወቁልኝ ምስጋናዬን ደግሜ አቀርባለሁ።

ዝቅ ብሎ እጅ መንሳት ቢያምረውም ያልሆነለት፣
ከቅሬው የተሰረዘው፣
የሻው ሙሉሃብት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ይዤ ስወጣ ሰብሌን ምጥ ጀመራት። ወንዶቹ ውሳኔዎን አክብረው በየደጃቸው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ለማየት አፍረው ወደ ቤት ገብተዋል። ቃሬዛውን ያነሱት ሴቶቹ ናቸው። አሁን አቀበቱን ይዘዋል፣ እኔም ይህን ለጥፌ እከተላቸዋለሁ፤ ትድረስ አትድረስ ገና አላውቅም። የፊቱን እንጨት ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው የተሸከሙት ባለቤትዎ እትዬ ደብሪቱ ናቸው። በውሳኔዎ መሠረት ከእኔ ቀጥሎ የሚሰረዘው የእርስዎ ቤት ስለሆነ፣ ያለ ቅሬ እንዴት እንደሚኖር ሊያማክሩኝ ቢፈልጉ ስመለስ ደጄ ክፍት ነው።