ከቁልቁለቱ በፊት አውቶቡሱን ያስቆሙት የእትዬ ወንፊት የሕይወት ታሪክ

ታላቅ እህቴ ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን የካቲት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. ከሳሙና ፋብሪካው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ውሃውንም ወሬውንም ሳያጣሩ ስለማያሳልፉ ቤተሰቡ ገና በልጅነታቸው «ወንፊት» አላቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ተከታትለው፣ በ1979 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመርቀው በዚያው ሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። በ1983 ዓ.ም. ከአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጋር ትዳር መሥርተው ወንድና ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ፋብሪካው ሲዘጋ፣ በ2001 ዓ.ም. ከአንድ ሸሪክ ጋር በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከምግብ ቤቶች የሚጣለውን የመጥበሻ ዘይት ወደ ናፍጣ መለወጥ ጀመሩ። ያረጀ ዘይት በኮስቲክ ሶዳ ሲሠራ ብዙው ሳሙና ሆኖ ይቀራል፤ ሳሙና ደግሞ እህቴ ሠርተው ጠግበዋል። ስለዚህ ስኳር አክስለው፣ አሲድ አጣብቀውበት፣ ደቃቅ ጥቁር ጠጠር አዘጋጁ። ጠጠሩ ዘይቱንና ሜታኖል የሚባለውን አልኮል ካዋሃደ በኋላ ተጣርቶ ይወጣል፤ አሲዱንም ይዞ ይወጣል። ሐሳቡ እንዲያ ነበር።

በግንቦት 2004 ዓ.ም. ባለቤታቸው «የሚስቴን ናፍጣ እኔ ካልነዳሁበት ማን ሊነዳበት ነው?» ብለው አገር አቋራጭ አውቶቡሳቸውን ሞሉ። ተሳፋሪ ጭነው በወጡበት ጠዋት እህቴን ሥጋት ገባቸው። ጠጠሩ በተጠቀሙበት ቁጥር እየደከመ ነበር፤ አሲዱ ታዲያ የት ሄደ? ማብሰያው ላይ የነበረው ሥራ ሲጋመስ ጠጠሩን በሙሉ አጣርተው አወጡና ዘይቱንና ሜታኖሉን ብቻ ማሞቅ ቀጠሉ። አሲዱ ጠጠሩን ካልለቀቀ ለውጡ እዚያው መቆም ነበረበት። አልቆመም። አሲዱ ናፍጣው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ የሞተሩን ፓምፕ ሊበላ ይችላል። ባለቤታቸው ደግሞ ሲነዱ ስልክ አያነሱም። ከፊታቸው የተራራው ቁልቁለት አለ፤ እዚያ ሞተር ቢጠፋ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዝም።

ሸሪኩ «ዝም በይ! ገበያችንን ልትዘጊ ነው?» አለ። አንቱ ልለው አልቻልኩም፣ ይቅርታ። እህቴ ታክሲ ኮንትራት ይዘው ወጡ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። አውቶቡሱ ከኩርባው ኋላ በተሰወረብን ቁጥር እጄን ጨምቀው ይይዙኝ ነበር። አፋፉ ላይ ቀደምነው። እህቴ ወርደው መሐል መንገድ ላይ ተገተሩ።

«አብደሻል እንዴ? ሰው ፊት!» አሉ ባለቤታቸው በመስኮት።

«ሞተሩን አጥፋ! ኋላ እንደፈለግህ ስደበኝ፤ አሁን አጥፋ!»

ባለቤታቸው አጠፉ። ተሳፋሪው ግን ወርዶ በእህቴ ላይ የስድብ መዓት አወረደ። ፓምፑ ሲፈታ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ባለቤታቸው ከሥራ ተሰናበቱ፤ ሸሪኩም ጥሏቸው ሄደ። ባልና ሚስት ክረምቱን በሙሉ በእኔ በኩል ብቻ ነበር የሚነጋገሩት፤ «ጨው አቀብዪኝ በያት» እስከ መባባል ደርሰው ነበር።

እህቴ ግን መጋዘኑን አልዘጉም። በ2008 ዓ.ም. አሲዱን የማይለቅ ጠጠር ሠሩና ጠጠሩን አጋማሽ ላይ የማውጣቱን ያንኑ ፈተና ሲደግሙ ባለቤታቸውን ጠርተው ማብሰያው ፊት አስቀመጧቸው።

«ምንም እየሆነ አይደለም እኮ» አሉ እሳቸው፣ መጠበቁ ሲሰለቻቸው።

«እሱን ነው የማሳይህ!» ብለው እህቴ አለቀሱ። ባለቤታቸውም ሥራ ባገኙበት ሌላ አውቶቡስ እስከ ጡረታቸው በዚያ ናፍጣ ነድተዋል።

እህቴ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በ59 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ያን ቀን ልክ ይሁኑ ወይም ይሳሳቱ እስከ ዛሬ አናውቅም። ዛሬ ጠዋት ባለቤታቸውን ምን ልጻፍ ብዬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልክ ነበረች አትበይ፣ ተሳስታለችም አትበይ። እኔን ከምታጣ ስድቡን መረጠች በይ። ይሄ ገብቶኝ ሳልነግራት ቀረሁ።»

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ የሚወዷቸውንም ሁሉ በሰላም ቤታቸው ያግባ።