ጥርሴን ያሸሁበት ከሰል

ይድረስ ለሆዴ ልጅ፤ ባለህበት ጤናውን ያብዛልህ፣ ክፉ ዓይን አይይህ። እኛ ደህና ነን፤ እህትህ አዲሱን ሥራዋን ለምዳዋለች፣ ጣራውም ማፍሰሱን ትቷል። እኔ ግን ከጥቂት ወራት ወዲህ ምራቄን መዋጥ አቅቶኛል።

አባትህ ያኔ ለጓሮው አንድ ጆንያ ጥቁር ዱቄት አምጥቶ በረንዳ ላይ አስቀመጠ። «ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ከሰል ነው» አለኝ። ከሰል ከሆነማ ብዬ ቆንጠር አድርጌ ጥርሴን ፈተግ ፈተግ አደረግሁበት። ይህን ሲያይ በሳቅ ፍርፍር አለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እሱ እኮ ከከተማው ሽንት ቤት የተመጠጠ ዝቃጭ ነው! ደርቆ፣ እቶን ውስጥ ከስሎ፣ ለአፈር የመጣ!» አይለኝም መሰለህ?

እዚያው በረንዳው ላይ አስመለሰኝ። አፌን በሳሙና ሳይቀር አጠብኩት፤ ሽታ ባይኖረውም አሁንም ይሸተኛል።

እሱ «እሳት ያየ ነገር ምን ቆሻሻ አለው? ልጅሽም ዱቄቱ ተመርምሮ ከሆነ ለአፈር ጥሩ ነው ብሎኛል» ይላል። ለካ አንተም አለህበት! ዱቄቱን በትኖ የዘራው ካሮት እንደ ክንዴ ወፍሯል፤ ግን ባየሁት ቁጥር የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየተራ ትዝ ይለኛል። አባትህ ብቻውን ይበላል፤ ሳህኑንም ለብቻ አጥባለሁ። መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር፣ አሁን ዝም ብሎ ነው የሚያኝከው። ይኼ ነው ያስከፋኝ።

አንድ መደብ ካሮት ሳይነቀል አስቀርቼልሃለሁ። እባክህ ለእረፍትህ ና፤ አንተ ቀድመህ ግመጥ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እከተልሃለሁ። አባትህ መሃላችን ይቀመጥ።

መንገድህን ያቅናልህ፣ በሰላም ያገናኘን።

እናትህ